ወለል የሚጠርግ መረብ ከባሕር ዳርቻ ሙሉ በሙሉ ይታገድ?

አወያይ፦ ጥያቄው ይህ ነው። ከጀልባ ኋላ በባሕር ወለል ላይ የሚጎተተው መረብ (ትሮል) ከዳርቻ ይውጣ ወይስ በቁጥጥር ይቀጥል? መመዘኛችን ዓሣው የሚበላው ነገር ምን ይሆናል የሚለው ይሁን። ሦስቱ ተከራካሪዎች ደለል፣ መረብና ጥልቀት በሚሉ ቅጽል ስሞች ይናገራሉ።

ደለል፦ ይታገድ። የመረቡን አፍ ከፍተው የሚይዙት ሁለት ከባድ ሳንቃዎች ደለሉን እያረሱ ነው የሚሄዱት። እ.ኤ.አ. በ2017 የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያጠና ሥራ እንዳሳየው፣ ባለ ሳንቃው ትሮል በአማካይ 2.4 ሴንቲሜትር ገብቶ በአንድ ዙር 6 በመቶ የሚሆነውን የወለል ሕይወት ያጠፋል። ዛጎል ለበሶችን በውኃ ግፊት ፈንቅሎ የሚያወጣው መቆፈሪያ ደግሞ 16 ሴንቲሜትር ዘልቆ 41 በመቶ ይወስዳል።

መረብ፦ 6 በመቶና 41 በመቶ እንዴት በአንድ ሕግ ይዳኛሉ? መቆፈሪያውን አግዱ፣ እስማማለሁ። ትሮል ባለፈበት ግን የተሰባበሩ ዛጎል ለበሶችና ሸርጣኖች ስለሚጋለጡ ዓሦች ወዲያው ይሰበሰባሉ። ትናንሽ ትሎችም ቶሎ ስለሚራቡ ትል የሚበላ ዓሣ ምግብ አያጣም።

ደለል፦ ያ ምግብ ከቀናት አያልፍም። ቶሎ የሚተካው ትንሹ ትል ነው፤ ለዓመታት የሚያድጉት ትልልቅ ዛጎል ለበሶችና የባሕር ጃርቶች ግን አይደርሱበትም። ግማሹ ያለቀ የወለል ሕይወት ወደ ቀድሞው 95 በመቶ ለመመለስ ከ1.9 እስከ 6.4 ዓመት ይፈልጋል። በየዓመቱ ሦስት ጊዜ የሚጠረግ ቦታ መቼ ሊያገግም? በአየርላንድ ባሕር ደጋግሞ በተጠረገ ስፍራ ፕሌስ የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ከቁመቱ አንጻር ከስቶ ተገኝቷል።

ጥልቀት፦ ሁለታችሁም የወለሉን ዓይነት ዘላችሁታል። ማዕበል ሁልጊዜ የሚያናውጠው አሸዋ ላይ የሚኖሩት እንስሳት መናወጥን የለመዱ ስለሆኑ ጉዳቱ ይቀላል። ጠጠር፣ የባሕር ሣርና ስፖንጅ ባለበት ግን የመጀመሪያው ዙር ብቻውን ከቀጣዮቹ ሁሉ የከፋ ነው፤ ጫጩት ዓሣ የሚሸሸግበትን ይነቅላልና። የአውሮፓ ኅብረት ለሜዲትራኒያን ባሕር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ደንብ በባሕር ሣር ላይ መጎተትን የከለከለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚዘጋው እስካሁን ያልተነካው ነው። አንዳንዶች ቦታ እያፈራረቁ ማሳረፍ የሚሉትን አልቀበልም፤ የእረፍቱ ጊዜ ከማገገሚያው ካጠረ ጉዳቱን ለሁሉም ማዳረስ ነው።

መረብ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን አንዱን ስትዘጉ ጀልባው ወደ ሌላው ይሄዳል። የተጠረገውን መስመር ክፍት ትታችሁ ሳንቃዎቹ ከወለል ከፍ ብለው እንዲሄዱ፣ ከመረቡ ፊት በወለሉ ላይ እየተጎተተ ዓሣ የሚቀሰቅሰው ሰንሰለትም እንዲወልቅ ብታስገድዱ አይሻልም?

ደለል፦ ሳንቃው ቢነሣም ከመረቡ ሥር ያለው ገመድ ወለሉን መንካቱን አይተውም። ቁጥጥሩስ? ጀልባው ያለበትን በየሁለት ሰዓቱ ብቻ የሚያሳውቅ ከሆነ፣ በሰዓት 3 ኖቲካል ማይል (5.6 ኪሎ ሜትር ገደማ) እየጎተተ በሁለት መልእክት መካከል 11 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጠባብ የተከለለ ቦታ በዚያ መሐል ተጠርጎ ያልቃል። በየአሥር ደቂቃው የሚያሳውቅ መሣሪያ የሌለው ጀልባ ከክልሉ አጠገብ አይድረስ።

ጥልቀት፦ የተከፈተው መስመር ዓሣውን መመገቡን ለማወቅ በክፍቱ መስመርና በተዘጋው ቦታ በተመሳሳይ ወርና ጥልቀት ለካ። ወለሉ ላይ ወርዶ ሲዘጋ የ0.1 ካሬ ሜትር ደለል በሚያፍስ መሣሪያ ደለል አውጣ፣ በ1 ሚሊሜትር ወንፊት አጥበህ የቀረውን በዓይነት ለይተህ መዝን። ቁጥር ብቻ መቁጠር ያሳስታል፤ ብዙ ትናንሽ ትሎች አንድ ትልቅ ዛጎል ለበስ በጠፋበት ቦታ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ከዓሣው ደግሞ ሆድ ዕቃውን አውጥተህ በግራም መዝን፣ በ100 አባዛ፣ በሴንቲሜትር ለተለካ ቁመቱ ኩብ (ቁመቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) አካፍል፤ ውጤቱ ባነሰ መጠን ዓሣው ከስቷል ማለት ነው። ሆድ ዕቃው ካልወጣ የጠገበ ወይም ዕንቁላል የያዘ ዓሣ የወፈረ ይመስላል።

መረብ፦ ይህ በሁለቱም ቦታ ተለክቶ በክፍቱ መስመር ያለው ዓሣ ከሳ ከተባለ፣ መስመሩም ይዘጋ።