ደንበኛ በሌሊት ሲደውል፣ ዘመድ «ኮሚሽን ቀንስ» ሲል፦ የቤት ኤጀንት መስመሩን የት ያስምር? (የመድረክ ውይይት፤ ከየጽሑፉ በላይ ያለው የጸሐፊው የመድረክ ስም ነው)

አዲስ ፈቃድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ የሪል እስቴት ፈቃድ ያወጣሁት በቅርቡ ነው፤ ደንበኞቼ በሙሉ የራሳችን ሰዎች ናቸው። አሁን ቤት የምፈልግላቸው ሰው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ይደውላሉ፤ ካላነሳሁ ደግመው ደጋግመው ይሞክራሉ። ፕሪአፕሩቫል (አበዳሪ ይህን ያህል ላበድር እችላለሁ ብሎ የሚሰጠውን ደብዳቤ) ሳይዙ በየቅዳሜው ቤት አሳየኝ ይላሉ። አሁን ደግሞ «ለእኛ ኮሚሽንህን አትቀንስም ወይ?» የሚል መጥቷል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ፣ ሳላስቀይማቸው፣ እንዴት ነው መስመር የማሰምረው?

ውል ይቅደም፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ውል አስፈርመሃቸዋል? ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ ኤምኤልኤስ (ኤጀንቶች የሚሸጡ ቤቶችን መረጃ የሚጋሩበት ቋት) የሚጠቀም ኤጀንት ገዢን ይዞ ቤት ከማሳየቱ በፊት የጽሑፍ ስምምነት ሊኖረው ግድ ነው። በቀጥታ ቪዲዮ ማሳየትም ይቆጠራል። ገዢው በራሱ ኦፕን ሀውስ (ቤቱ ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት ሲሆን) ሄዶ ቢያይ ግን ውል አያስፈልገውም። በውሉ ላይ ክፍያህ በግልጽ በሚታወቅ መጠን፣ ለምሳሌ በቁርጥ ገንዘብ ወይም በመቶኛ፣ መጻፍ አለበት፤ «ሻጩ የሰጠውን ያህል» ብሎ ክፍት መተው አይቻልም። ከተጻፈው በላይ ከየትም ወገን መቀበል አትችልም። ኮሚሽን በሕግ እንዳልተተመነና በድርድር እንደሚወሰንም ጎላ ብሎ መስፈር አለበት።

ብዙ ኤጀንት ይህን ወረቀት የሚያየው እንደ ክፍያ ማስከበሪያ ብቻ ነው። እኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ የሥራ ሰዓትን መወሰኑ ይመስለኛል። ብሮከርህን (በሥሩ የምትሠራበትን የበላይ ባለፈቃድ) አስፈቅደህ አንድ ገጽ አያይዝበት፦ ስልክ የምትመልስበት ሰዓት፣ ቤት ለማየት ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት መጠየቅ፣ በአንድ ቀን ቢበዛ 5 ቤት። ከዚያ ካለፈ ገዢው የትኛው ቤት ምን እንደነበረው ይምታታበትና እንደገና ውሰደኝ ይላል። ፕሪአፕሩቫል ሳይመጣ ማሳየት እንደማይጀመርም እዚያው ይጻፍ። የውሉን ዘመን መጀመሪያ 30 ቀን አድርገው፤ ከተስማማችሁ ይታደሳል፣ ካልተስማማችሁ ያለ ጠብ ያልቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀጠሮ ስታረጋግጥ «ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 3 ፒኤም» ብለህ ሁለቱንም ጻፍ። «3 ሰዓት» ብቻ ብለህ ከላክህ አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት ይመጣል፤ ሻጩ ልጆቹን ይዞ ቤቱን ለቆ ሲጠብቅ ይውላል።

የስልክ ነገር፦
ውሉ ጥሩ ነው፤ ስልኩን ግን አያስቆመውም። አይፎን ከሆነ «አትረብሹኝ» የሚለውን አብርተህም ደጋግሞ የሚደውል ሰው ያልፋል። ምክንያቱ አንድ ሰው በ3 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ከደወለ ስልኩ እንዲጮህ የሚፈቅድ ማብሪያ ስላለ ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ ፎከስ፣ ከዚያ «ዱ ኖት ዲስተርብ»፣ ከዚያ ፒፕል ውስጥ ገብተህ የተደጋጋሚ ጥሪውን ማብሪያ አጥፋ። ቤተሰብህን ብቻ ለይተህ አስፈቅድ። አንድሮይድም ተመሳሳይ አለው።

ለሥራ ሌላ ቁጥር ያዝና ዋትስአፕ ቢዝነስ ጫንበት። በቢዝነስ መሣሪያዎቹ ውስጥ የሥራ ሰዓትህን ሙላ፤ ከዚያ ከሥራ ሰዓት ውጭ ብቻ የሚላክ መልእክት አዘጋጅ። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «መልእክትዎ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የመጣውን ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ እመልሳለሁ። ዛሬ ሌሊት የሚያበቃ ጉዳይ ካለ ኦፈር ብለው ይጻፉልኝ።» ከላክህ በኋላ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መልስ አትስጥ። አንዴ ከመለስክ ያ መልእክት ዋጋ የለውም።

የማይጠብቁ ነገሮች አሉ፤ እነሱን ለይተህ ንገራቸው። የመልስ ኦፈር (ሻጩ ለግዢ ጥያቄያችሁ የመለሰው ሐሳብ) ጊዜው ሊያልፍ ሲል፣ የኢንስፔክሽን (የቤት ምርመራ) ቀነ ገደብ ሲደርስ፣ የክሎዚንግ (ግዢው የሚጠናቀቅበት) ቀን። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ገንዘቡን ወደዚህ አዲስ አካውንት አስተላልፉ» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ነው። በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ይደውሉልህ፤ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ወደ ታይትል ካምፓኒው (የባለቤትነት ዝውውሩን ወደሚያስፈጽመው ድርጅት) ቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር ይደወላል፣ በኢሜይሉ ውስጥ ባለው ቁጥር በፍጹም።

ሽማግሌው በሌሊት የሚደውሉት ምናልባት ከሥራ የሚወጡት ያኔ ስለሆነ ነው። ጠይቃቸው። «ጋሼ፣ ተረጋግቼ ላናግርዎት ስለምፈልግ ሁልጊዜ ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት እኔ ራሴ ልደውልልዎት» በላቸው፤ አዲስ ነገር ባይኖርም በዚያች ሰዓት ደውል። ወሬ ያልደረሰው ሰው ነው አብዝቶ የሚደውለው።

የብድር ጠረጴዛ፦
ፕሪአፕሩቫሉን ቀለል አድርጋችሁ አለፋችሁት። ኤፍኤችኤ ብድር (የፌደራል መንግሥት ዋስትና ያለው) የክሬዲት ነጥቡ 580 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ይጠይቃል። ሌንደሩ (አበዳሪው) አብዛኛውን ጊዜ የ2 ወር የባንክ ስቴትመንት ያያል፤ ምንጩ የማይታወቅ ትልቅ ገቢ ካለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ዘመድ የሚሰጠው ገንዘብ የማይመለስ ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤና ገንዘቡ የተላለፈበት ማስረጃ ያስፈልገዋል።

የእኛ ሰው የሚሰናከለው ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኦፈር ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ከቤተሰብ «ችግር ገጥሞናል» የሚል ስልክ ይመጣል፤ ገንዘቡ ከዚያው ለዳውን ፔይመንት ከተያዘው አካውንት ይላካል። ሌንደሩ ከክሎዚንግ በፊት እንደገና ሲያይ ገንዘቡ ጎድሏል። ለቤተሰብ የሚላከው ከመጀመሪያው በሌላ አካውንት ይቀመጥ። ኤጀንቱ ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቅ «ሌንደርዎን ይጠይቁ» ማለት አለበት፤ የብድር ምክር የእሱ ሥራ አይደለም፣ ሲሳሳት ግን ጣት የሚቀሰረው በእሱ ነው።

እህታችሁ፦
ሁላችሁም ስለ ደንብ ነው የምታወሩት። ሰውዬው እኮ ለቤተሰብ እየላከ፣ ከጉሮሮው ቀንሶ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው። በሰው አገር ወገን ለወገን ካልቀነሰ ማን ይቀንሳል? ደንበኛ ያመጣ ሰውስ የድርሻው ቢሰጠው ምን ነውር አለው?

ውል ይቅደም፦
እህቴ፣ መቀነስ አይቻልም ያለ የለም። ግን ስሌቱን እንየው። የ400,000 ዶላር ቤት በ2.5 በመቶ 10,000 ነው። ብሮከሩ 30 በመቶ ከወሰደ ለኤጀንቱ 7,000 ይቀራል። ከ2.5ቱ ላይ 1 በመቶ ሲቀነስ ግን ኮሚሽኑ 6,000፣ የኤጀንቱ ድርሻ 4,200 ይሆናል። ከዚህ ላይ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር የሚከፍለው 15.3 በመቶ አለ፣ የገቢ ግብር አለ፣ ነዳጅ አለ። ግዢው ካልተጠናቀቀ ደግሞ የወራት ድካም በዜሮ ነው። ኮሚሽኑም በሕግ የብሮከሩ ስለሆነ ያለ እሱ ፈቃድ ቃል መግባት አይቻልም። ከተፈቀደ ሌንደሩ አውቆት በክሎዚንግ ሰነዱ ላይ ይታይ፤ በጓሮ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ አይሆንም።

ደንበኛ ላመጣ ፈቃድ ለሌለው ሰው ድርሻ መክፈል ግን ሌላ ነገር ነው። የስቴቶች የፈቃድ ሕጎች በአብዛኛው ይከለክሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሬስፓ የሚባለው የፌደራል ሕግም ከብድር ጋር በተያያዙ አገልግሎቶች ላይ ለጠቆመኝ ተብሎ የሚሰጥ ጉርሻን ይከለክላል። ፈቃድ ያስነጥቃል።

አዲስ ፈቃድ፦
አመሰግናለሁ። ውል አላስፈረምኩም፣ ብሮከሬን ነገ አነጋግራለሁ። ሌላም አለ፤ ጋሼ «ሀበሻ የሚበዛበት ሰፈር ምረጥልኝ» ብለውኛል።

ውል ይቅደም፦
እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ፌር ሀውሲንግ አክት (በቤት ጉዳይ አድልዎን የሚከለክል የፌደራል ሕግ) ሰውን በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ወደ አንድ ሰፈር መምራትን ይከለክላል። ደንበኛው ራሱ ቢጠይቅም አንተ አትመርጥም። ሰፈሩን እሳቸው በስም ይጥሩ፤ አንተ በዋጋ፣ በክፍል ብዛት፣ ከሥራ ቦታቸው ባለው ርቀት ፈልግ።

እህታችሁ፦
ይሄማ ልክ አይደለም! የሚያናግረው ጎረቤት የናፈቀ ሽማግሌ ማንንም አላገለለም። ከሥራ ሲመለስ አራት ግድግዳ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን መጠየቁ እንዴት ወንጀል ይሆናል?

ውል ይቅደም፦
መጠየቃቸው ወንጀል አይደለም፤ በሕግ የሚጠየቀው ኤጀንቱ ነው። ከወዳጆቻቸው ጠይቀው የሰፈሩን ስም ይዘው ቢመጡ በደስታ ይታይላቸዋል።

እህታችሁ፦
ወዳጅ ቢኖራቸው ኖሮ መቼ እሱን ይጠይቁት ነበር?

የስልክ ነገር፦
የሰፈሩን ስም እዚህ ያለን እኛ ልንነግራቸው እንችላለን፤ እኛ ኤጀንታቸው አይደለንም። አዲስ ፈቃድ፣ የምትሠራው በየትኛው ስቴት ነው? ከኮሚሽን ቀንሶ ለገዢ መመለስን የማይፈቅዱ ስቴቶች ስላሉ ለጋሼ መልስ ከመስጠትህ በፊት እሱን ማወቅ አለብን።