የካቻቢቴ ጫፍ ማስቀመጫ አስቸገረኝ

ሰላም ወገኖች። ደሴ ነው ያለሁት፣ የኤሌክትሪክ ሥራ እሠራለሁ። ለተቀያያሪ የካቻቢቴ ጫፎቼ ከቁራጭ ዋንዛ ማስቀመጫ ልሠራ ተነሣሁና ቀዳዳው ላይ ተቸከልኩ።

የጫፉ እግር ባለ ስድስት ጎን ነው። ከጎን ወደ ጎን 6.35 ሚሊሜትር፣ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ግን 7.3 ገደማ ይመጣል። በ7 ፑንታ ስበሳው ጠርዙ እንጨቱን ነክሶ በፒንሳ ካልሆነ አልወጣ አለ። በ7.5 ደግሞ ይንቀጫቀጫል። ትናንት ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሁሉም ቦርሳዬ ውስጥ ተበተነ። የመስቀል ጫፏን እስካሁን አላገኘኋትም!

ከሥር ከአሮጌ ስፒከር የፈታሁትን ማግኔት ልለጥፍ አስቤያለሁ። ግን በማግኔቱና በጫፉ መካከል ስንት ሚሊ እንጨት ልተው? ወይስ በስቼ ላሳልፈው? የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ።