«ሌ»፣ «ሎ» እና «ሴ» ግራ አጋቡኝ፤ ስፔንኛ የምትችሉ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ስፔንኛ በራሴ እየተማርኩ ነው። ስሞቹን እንደምንም ተወጥቻቸዋለሁ። «ማኖ» (እጅ) በ«ኦ» አልቆ የሴት፣ «ፕሮብሌማ» (ችግር) በ«አ» አልቆ የወንድ መሆኑን በቃሌ ይዣለሁ።

የቸገረኝ ተውላጠ ስሙ ነው። «ሌ ዶይ ኤል ሊብሮ አ ማሪያ» ሲባል ይገባኛል። እኛም «መጽሐፉን ለማሪያ እሰጣታለሁ» ስንል ማሪያን በስሟም በግሱም ላይ እንጠቅሳታለን። ይህን ሳስተውል በጣም ነበር ደስ ያለኝ። መጽሐፉም በተውላጠ ስም፣ በ«ሎ»፣ ሲተካ ግን «ሌ ሎ ዶይ» አይባልም፤ «ሌ» (እዚህ «ለእሷ») ወደ «ሴ» ተለውጦ «ሴ ሎ ዶይ» ነው። ደንቡን አውቄዋለሁ። ግን ይሄ «ሴ» ለእሱም፣ ለእሷም፣ ለእነሱም፣ ለእርስዎም ያው ነው። ታዲያ ሰሚው ለማን እንደሆነ በምን ይለያል? ሁልጊዜ «አ ኤያ» (ለእሷ) እያልኩ ልጨምር ወይስ ይበዛል?

ሌላው የተውላጠ ስሙ ቦታ ነው። «ስጠኝ» ለማለት «ዳሜሎ» ብሎ ከግሱ ኋላ ይለጠፋል። «አትስጠኝ» ሲሆን ደግሞ «ኖ ሜ ሎ ዴስ»፤ ወደ ፊት ይመጣል። ስጽፍ አልሳሳትም። ስናገር ግን ቦታውን ሳስብ ወሬው ያመልጠኛል። ሳላስበው ከአፌ እንዲወጣ ምን ዓይነት ልምምድ ልሥራ? እባካችሁ እናንተን የረዳችሁን ንገሩኝ።