ስድሳ አራት ዓመት በክፍለ ግዛት ምክር ቤት፦ የዊስኮንሲኑን ፍሬድ ሪሰር ዘመን እንዴት እንመዝነው?

ጠያቂ
ክቡራን አባላት፣ ስለ ፍሬድ ሪሰር አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሰውየው በ1956 ለአሜሪካዋ ክፍለ ግዛት ለዊስኮንሲን አሴምብሊ (ታችኛው ምክር ቤት) ተመረጡ፤ በ1962 በማሟያ ምርጫ ወደ ሴኔቱ (ላይኛው ምክር ቤት) ተሻገሩ፤ ከዚያም እስከ ጥር 2021 ድረስ ከወንበራቸው አልተነሡም። ሲሰናበቱ የ93 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ በአሜሪካ የክፍለ ግዛት ምክር ቤቶች ታሪክም የእርሳቸውን ያህል ያገለገለ ሰው የለም። ግር የሚለኝ ይህ ነው፦ የሴናተር ዘመን አራት ዓመት ብቻ በሆነበትና መራጩ በየጊዜው «በቃዎት» ማለት በሚችልበት ሥርዓት አንድ ሰው ይህን ያህል እንዴት ይቆያል? መቆየታቸውስ ለመራጩ ምን አስገኘለት?

ከማዲሰን የተላከ መልስ
«እንዴት ይቆያል?» ለሚለው፣ መልሱ ከሰውየው ይልቅ ከወረዳው ይጀምራል። ሪሰር የወከሉት 26ኛው የሴኔት ወረዳ የክፍለ ግዛቱን ዋና ከተማ የማዲሰንን መሐል፣ ማለትም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና ትልቁን ዩኒቨርሲቲ የያዘ አካባቢ ነው። የዲሞክራቶች ድምፅ እዚያ የጸና ስለሆነ፣ ከራሳቸው ፓርቲ ብርቱ ተቀናቃኝ ካልተነሣባቸው በስተቀር የኅዳሩ ምርጫ ወግ ከማድረስ አያልፍም። በዚህ ላይ የቤተሰቡ ስም አለ። አባታቸው በፕሮግሬሲቭ ፓርቲ ስም የዚያው ሴኔት አባል ነበሩ፤ አያታቸውና በእርስ በርስ ጦርነቱ የዘመቱት ቅድመ አያታቸውም በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አገልግለዋል። ፓርቲው ተለዋውጧል፤ የዚያ ቤት ሰው ግን ለአራት ትውልድ ከምክር ቤቱ አልራቀም።

ስላስገኙት ነገር ሁለት ጉዳዮችን ላንሣ። ቀድሞ የሴኔቱን ስብሰባ ይመራ የነበረው ምክትል ገዥው ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻልና ሴኔቱ ከራሱ አባላት መካከል ፕሬዚዳንት መምረጥ ሲጀምር፣ በ1979 በዚህ መንገድ መጀመሪያ የተመረጡት ሪሰር ናቸው፤ በኋላም ፓርቲያቸው ብልጫ ባገኘባቸው ዘመናት ደጋግመው መዶሻውን ይዘዋል። ሁለተኛው በሥራ ቦታዎች፣ በምግብ ቤቶችና በመጠጥ ቤቶች ማጨስን የሚከለክለው ሕግ ነው። በየመንገዱ ጥግ መጠጥ ቤት ባለበት ክፍለ ግዛት ይህን ሐሳብ ማንሣት ራሱ ድፍረት ይጠይቃል፤ እርሳቸው ግን ለዓመታት ሲገፉት ቆይተው ሕጉ በ2009 ተፈረመ፣ በሐምሌ 2010ም ሥራ ላይ ዋለ። በሁለት ዘመን የሚሰናበት ተመራጭ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ጀምሮ ለሌላ ያስረክበው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከሳክራሜንቶ የተላከ መልስ
የማዲሰኑን አባል ማብራሪያ በአክብሮት ተቀብዬ፣ በመደምደሚያቸው ግን አልስማማም። እኔ የምኖርበት የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ1990 በቀጥታ ድምፅ የአገልግሎት ዘመን ገደብ ያወጣው፣ አንድ ሰው ወንበሩን የግል ርስቱ እንዳያደርገው በመስጋት ነው። የአሴምብሊው አባል ከስድስት፣ ሴናተሩም ከስምንት ዓመት በላይ እንዳይቀመጥ ተወሰነ። ዛሬ 16 ክፍለ ግዛቶች እንዲህ ያለ ገደብ አላቸው፤ ዊስኮንሲን ግን ከእነርሱ አይደለችም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ የሴኔት ወረዳ ለወንበሩ የሚበቃ ሌላ ሰው አልተወለደም ማለት ነውን?

ሐቁን ላለመሸሸግ ያህል፣ ገደቡ የራሱን ጣጣ አምጥቷል። አዲሱ ተመራጭ የበጀቱን አሠራር ሳይለምድ የሚሰናበት ከሆነ፣ ዕውቀቱ የሚቀረው ማንም ባልመረጣቸው ጉዳይ ገፊዎች (ሎቢስቶች)ና በገዥው ጽሕፈት ቤት ዘንድ ነው። ካሊፎርኒያ በ2012 ሕጉን አሻሽላ፣ ተመራጩ በአንዱም ምክር ቤት ሆነ በሁለቱ በድምሩ 12 ዓመት እንዲያገለግል ፈቅዳለች። ለእኔ ልኩ ይህ ይመስለኛል።

ጠያቂ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በ2011 ከክፍለ ግዛታቸው ወጥተው ወደ ኢሊኖይ ከሄዱት ሴናተሮች መካከል ሪሰርም እንደነበሩ ሰምቻለሁ። የ83 ዓመት ሰው፣ ያውም ምክር ቤቱን በመምራት የሚታወቁ፣ ስብሰባ ጥለው መውጣታቸው ከአገልግሎታቸው ጋር እንዴት ይታረቃል?

ከማዲሰን የተላከ መልስ
ነገሩ የምልዓተ ጉባኤ ጉዳይ ነው። ሴኔቱ 33 መቀመጫ አለው፤ በገንዘብ ነክ ረቂቆች ላይ ድምፅ ለመስጠት ደግሞ 20 አባላት መገኘት አለባቸው። በወቅቱ ሪፐብሊካኖቹ 19፣ ዲሞክራቶቹ 14 ነበሩ። ገዥው ስኮት ዎከር የመንግሥት ሠራተኞችን የኅብረት ድርድር መብት የሚያጠብ ረቂቅ ባቀረቡ ጊዜ፣ አሥራ አራቱ በየካቲት አጋማሽ ድንበር ተሻግረው ለሦስት ሳምንታት ያህል ከረሙ። የምክር ቤቱ ሕንፃ፣ ካፒቶሉ፣ በዚያ ሰሞን በሰልፈኛ ተጥለቅልቆ እንደነበር እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። በመጨረሻ ሪፐብሊካኖቹ ገንዘብ ነኩን ክፍል ነጥለው በማውጣት፣ ቀሪውን በመጋቢት 9 በ18 ለ1 ድምፅ አሳለፉት። እንግዲህ ሥነ ሥርዓቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሥነ ሥርዓቱን መሣሪያ ሲያደርገው አላስገረመኝም፤ ዳሩ ግን የግማሽ ምዕተ ዓመት ልምድም ቢሆን የጎደለውን የድምፅ ቁጥር አልሞላም። የመጨረሻዎቹን አሥር ዓመታት አብዛኛውን ያሳለፉት በአናሳው ወገን፣ የሚያቀርቡት ረቂቅ ከኮሚቴ ሳይወጣ እየቀረ ነው። እዚህ ላይ ለሳክራሜንቶው አባል ግማሽ መንገድ እሄድላቸዋለሁ።

ከሳክራሜንቶ የተላከ መልስ
ግማሹንም በደስታ እቀበላለሁ። ነገር ግን በ2020 ሪሰር ዳግም እንደማይወዳደሩ ባስታወቁ ጊዜ የሆነውን ተመልከቱ። ወንበሩ ክፍት ሲሆን በነሐሴው የዲሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ብዙ ዕጩዎች ተረባረቡበት፤ ያሸነፉት ኬልዳ ሮይስም የኅዳሩን ምርጫ ያለ ጭንቀት አሸነፉ። የወረዳው መራጭ በእውነት የመረጠው በነሐሴ ነበር፤ ያንንም ዕድል ያገኘው አዛውንቱ በፈቃዳቸው ስለተነሡ ነው።