ጓደኛችን ተደፍራለች፤ ከኮምቦልቻ የት እንውሰዳት?

ጠያቂ፦ ትናንት ማታ ነው የደረሰባት። ገላዬን ልታጠብ ትላለች፤ ፖሊስ ጋ መሄድ ግን አትፈልግም። ምን እናስቀድም?

ነርስ (ደሴ)፦ ሰዓቱን። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ከዚያ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይዋጣል። ብዙዎች የሚያቆሙት ሲያቅለሸልሻቸው ነው፤ ከምግብ ጋር ትውሰደው፣ ካስመለሳት ሐኪሟን ታማክር። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፣ በዘገየ ቁጥር ግን አቅሙ ይቀንሳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ጠይቁ። ደሴ ሪፈራል ለመድረስ መኪና እስኪገኝ አትጠብቁ፤ ቅርብ ባለው ጤና ተቋም ጀምሩ።

ከምርመራው በፊት ባትታጠብ ይመረጣል። ታጥባም ቢሆን ግን ትሂድ! ልብሷን በፌስታል አትቋጥሩት፤ እርጥበቱ ታፍኖ ይሻግታል፣ ማስረጃው ይጠፋል። እያንዳንዱን ለየብቻ በወረቀት ከረጢት አድርጉት።

የሕግ ባለሙያ፦ ለመታከም መክሰስ ግዴታ አይደለም። ምርመራው ዛሬ ከተመዘገበ ግን ነገ ሐሳቧን ብትቀይር መረጃው ይጠብቃታል። ካረገዘችም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 እና 552 መሠረት ጽንሱን ለማቋረጥ ቃሏ ብቻ ይበቃል። ሽማግሌ ልኮ «እንታረቅ» የሚል ከመጣ አትቀበሉ፤ ይህ በእርቅ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም።

የሥነ ልቦና አማካሪ፦ «ለምን አልጮኽሽም?» እንዳትሏት። በድንጋጤ ሰውነት ይደርቃል፣ ድምፅም ይጠፋል። «አብሽሪ፣ አለሁ» ማለት ይበቃል። ታሪኩን ደጋግማ እንድትናገር አታስገድዷት፤ አንዳችሁ ብቻ አብራችኋት ግቡ። ቅዠቱና መባነኑ ከወር በላይ ከቀጠለ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰዷት። ራሴን አጠፋለሁ ካለች ግን ያኔውኑ፣ ለብቻዋም አትተዋት።