የሠራተኛ ማኅበር ተመራጭ ነኝ፤ የሴቶቹን ጉዳይ «ከደሞዝ በኋላ» ይሉኛል። እናንተ ምን አደረጋችሁ?

አዲስ ተመራጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ከአራት ወር በፊት የመሠረታዊ ማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ ተመረጥኩ። ሰባት ነን፣ ሰባታችንም ወንዶች። ፋብሪካው ውስጥ ግን አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ነው። እውነቱን ለመናገር እስከ ባለፈው ወር ድረስ ይህ ነገር ትዝም ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው ወር አንዲት ኦፕሬተር መጣች። እዚህ ከገባች አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከስፌት አንስተው ካውያ ላይ መድበዋት ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆማ ስትውል ከርማለች። ወንበር ስጡኝ ብላ ጠየቀች። «ለራስሽም ለልጅሽም ብትለቂ ይሻላል» አሏትና «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ሰጧት። ደንግጣ ፈረመች። እኔ ጋ ስትመጣ አላለቀሰችም። «በየወሩ መዋጮ ከደሞዜ ትቆርጣላችሁ፤ የኔ ቀን ሲመጣ ማን አለኝ?» ነው ያለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ጉዳዩን ለሥራ አስፈጻሚው አቀረብኩ። «የግል ጉዳይ ነው፣ ደግሞም ፈርማለች። አሁን የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ነን። መጀመሪያ ደሞዝ፣ የሴቶች ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል» አሉኝ። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ሊቀመንበራችን ለሠራተኛ ተሟግቶ ሁለት ጊዜ ከሥራ የታገደ ሰው ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ይህ አልዋጥልህ አለኝ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ምን አደረጋችሁ?

የላይን (የስፌት መስመር) ልጅ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስብሰባ የምትጠሩት ስንት ሰዓት ነው? እኛ ጋ ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ ነበር። በዚያ ሰዓት ሴቷ ልጇን ከጎረቤት ልትወስድ ትሮጣለች፣ ያላገባችውም ብትሆን የምትኖረው ከከተማ ወጣ ብሎ ኪራይ የሚረክስበት ሰፈር ስለሆነ ሳይጨልም መግባት አለባት። ሰርቪሱ ደግሞ ስብሰባ እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅም። እናም ማን ይቀራል? ወንዶቹ። የቀረው ይመርጣል፣ የቀረው ይመረጣል። ከዚያ «ሴቶች ተሳትፎ አይወዱም» ይባላል!

እኛ ስብሰባውን ወደ ምሳ ሰዓት አዞርነው፤ በሁለት ዙር፣ አጠር አድርገን። በመጀመሪያው ቀን ከዚያ በፊት ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቅ ልጆች እጃቸውን አወጡ። ያነሱት ነገር ደግሞ «የሴቶች» ብለህ ለብቻ የምታስቀምጠው አልነበረም። ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ የሄደች ልጅ የዚያ ቀን ደሞዟ አይቆረጥባትም፣ ሕጉ አይፈቅድም። ግን የወሩ የአቴንዳንስ ቦነስ (ከሥራ ሳይቀሩ ለመጡ የሚሰጠው ጉርሻ) ሙሉ በሙሉ ይቀርባታል። በየወሩ ክትትል ካላት በየወሩ ቦነስ የላትም ማለት ነው። ይህ ደሞዝ ካልሆነ ታዲያ ምንድነው? ከደሞዝ በኋላ የሚባለው ነገር ራሱ ደሞዝ ነው።

ልጅቷን ደግሞ እባክህ ዛሬውኑ ደውልላት። ስልኳ ቢዘጋ እንኳ ቤቷ ሂዱ። ብቻዬን ቀረሁ ብላ ወደ ቤተሰቦቿ አገር ከገባች በኋላ ማንም አያገኛትም።

የሥራ ክርክር ጠበቃ፦

ቀኑን ቁጠር። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይም። ያልተከፈለ ደሞዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ደግሞ 6 ወር ነው። ብዙ ሠራተኛ መብቱን የሚያጣው ስለተሸነፈ አይደለም፣ ስለዘገየ ነው። ድርድሩ እስኪያልቅ ጠብቂ ካላችኋት ጉዳይዋን ራሳችሁ ገደላችሁት ማለት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ያዝ። አንቀጽ 87 ሴትን በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ከሥራ ማሰናበትን ይከለክላል፤ ከእርግዝናውና ከወሊዱ ጋር በማይገናኙ ሕጉ በፈቀዳቸው ምክንያቶች ካልሆነ በቀር። ሥራው ለጤናዋ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር አለባት፣ ስለዚህ የሐኪም ወረቀት አሁኑኑ ይኑራት። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊያሠሯት አይችሉም፣ የትርፍ ሰዓትም እንዲሁ። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፣ ከነደሞዙ።

ፈርማለች የሚለው ብቻውን አይዘጋውም። እንዴት እንደፈረመች ነው ጥያቄው። ካውያ ላይ የተመደበችው መቼ ነው፣ ወንበር ስትጠይቅ ማን ሰማ፣ ወረቀቱን ማን አቀረበላት፣ ስንት ደቂቃ ሰጧት? ምስክሮቹ ነገሩን ሳይረሱት ቀንና ሰዓት ጨምረህ ጻፈው። የግል የሥራ ክርክር ስለሆነ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ አይደለም የሚሄደው፣ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አንተም ጉዳዩን ለመከታተል በአንቀጽ 82 ከነደሞዝህ ፈቃድ አለህ፣ ተጠቀምበት።

አሁን ለሊቀመንበርህ የምትነግረውን ልንገርህ። አንቀጽ 26ን አብራችሁ ክፈቱት። ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉትን ይዘረዝራል። የማኅበር አባልነት አለ። የሠራተኛ ተወካይ መሆን አለ። አቤቱታ ማቅረብ አለ። እዚያው ዝርዝር ውስጥ ፆታ አለ፣ እርግዝና አለ። እሱን የሚጠብቀውና እሷን የሚጠብቀው አንድ አንቀጽ ነው። የሷን ሲነኩት ዝም ካለ፣ የራሱ ቀን ሲመጣ በየትኛው አንቀጽ ሊከራከር ነው?

ነባር ተመራጭ፦

እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ፣ አትቀየሙኝ። ሥራ አስፈጻሚው ያለው ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም። ለግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደሞዝ ወለል በሌለበት አገር ነው የምንደራደረው። በ2011 አካባቢ የልብስ ስፌት ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑ በውጭ ጥናት ወጥቶ ዓለም ሁሉ ሲያወራበት ነበር። ያ ደሞዝ ለቤት ኪራይ እንኳ አይበቃም ነበር። ስለዚህ ደሞዝ የሚለው ሰው የሴቶቹንም ሆድ እያሰበ ነው። ደግሞ አሠሪ ሲደራደር ብዙ ነጥብ ካቀረብክለት ቀላሉን ይሰጥህና ከባዱን ይከለክልሃል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ግን የልጅቷ ጉዳይ የድርድር ነጥብ አይደለም። እሱ ላይ ከናንተ ጋር ነኝ። ሕግ የሰጣትን ለድርድር አታቀርብም፣ ታስከብራለህ። ሁለቱን ለዩአቸው።

ጡረተኛ፦

ልጆቼ፣ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ረጅም ዘመን ሠርቼ ነው የወጣሁት። የመጀመሪያው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1955 ከመቋቋሙ በፊት፣ ማኅበር የሚባል ነገር ሳይፈቀድ፣ ሠራተኛው በእድር ስም ይሰባሰብ ነበር። ትልልቆቹ ይህንን ነበር የሚነግሩን። እድር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቤቱ ሐዘን የገባበት ሰው «የሁሉም ችግር ሲፈታ ያንተ ይደርሳል» አይባልም። ድንኳኑ የሚተከለው ዛሬ፣ እሱ ደጅ ነው።

እኔም ስመረጥ ደሞዝ ደሞዝ ስል ነው የኖርኩት። በኛ ክፍል ሴቶቹና ወንዶቹ አንድ ማሽን ላይ ፈረቃ ይቀያየሩ ነበር። የሱ መደብ «ረዳት ቴክኒሻን»፣ የሷ «ኦፕሬተር»፣ ደሞዙም ለየብቻ። ስሙ ስለተለያየ ሥራውም የተለያየ ይመስለን ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ ተብሎ ተጽፏል፣ እኛ ግን የመደብ መጠሪያዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠን አንድም ቀን አላየናቸውም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጡረታ የወጣችው በዚያ ዝቅ ባለ ደሞዝ ተሰልቶላት ነው። እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። አንተ ገና አራት ወርህ ነው። የደሞዝ ስኬሉን አውጣና ከነመደቡ አንብበው።

አዲስ ተመራጭ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የመደቡን ነገር ሳነበው ፊቴ ጋለ። እኔ ራሴ የገባሁት «ረዳት መካኒክ» ተብዬ ነው፤ ከጎኔ ስድስት ወር አብራኝ ማሽን ስታስተካክል የነበረችው ልጅ ግን እስከ ዛሬ ኦፕሬተር ናት።

የደረስንበትን ልንገራችሁ። ልጅቷን አገኘኋት። ከፈረመች ገና 23 ቀኗ ነው፣ ጊዜ አለን። የሐኪም ወረቀት ይዛለች፣ ሁለት የላይኗ ልጆችም ለመመስከር ተስማምተዋል፤ ፈርተዋል ግን ተስማምተዋል። አንቀጽ 26ን አትሜ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፣ ከዚያ ተቀምጦ ደግሞ አነበበው። «ክሱን ማኅበሩ ይከታተለው» አለ። ከሌሎቹ ሁለቱ አሁንም ደስ አላላቸውም።

ስብሰባውን ወደ ምሳ ሰዓት እንድናዞር ተስማምተናል፣ የመጀመሪያው ሰኞ ነው። የላይን ልጅ፣ እናንተ በሁለት ዙር ስታደርጉ ቃለ ጉባኤውን ማን ነበር የሚይዘው? በሁለቱም ዙር አንድ ሰው ነው ወይስ ከየዙሩ? እሱን ብትነግሪኝ።