ወፏ መስኮት ላይ ተጋጭታ ወደቀች፤ አበባውን ልንቀለው?

የአያት ነዋሪ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። አንዲት ትንሽ ወፍ አሁን ከሳሎኑ መስኮት ጋር ተጋጭታ በረንዳው ላይ ወድቃለች። ትተነፍሳለች፤ ዓይኗን ግን አትገልጥም። ሌላው፣ ጥቁሩ፣ ከንጋት ጀምሮ ያንኑ መስኮት በመንቁሩ ይወጋል፤ መግባት ፈልጎ ይመስለኛል። ወፍ ይምጣልኝ ብዬ ራስ ክምር የሚባለውን የአገራችንን አበባና እሬት ተክዬ ነበር። ባለቤቴ «ነቅለሽ ጣይው» እያለኝ ነው። ውኃ ልስጣት?

ጓሮ ወዳዱ፦ ውኃ አትስጪያት! አፏን ከፍተሽ ካጠጣሻት ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። የጫማ ካርቶን ብሺው፣ ጨርቅ አንጥፊበት፣ አስገብተሽ ክደኚው፤ ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጪው። አንድ ሰዓት ገደማ ቆይተሽ ደጅ አውጥተሽ ክፈቺው። ቤት ውስጥ እንዳትከፍቺው፤ እንደገና መስታወት ነው የምትመታው።

ባለ ድመቱ፦ ካርቶኑን ከፍ ያለ ቦታ አድርጊው። የእኔዋ ድመት ይህን ሳነብ አጠገቤ ተቀምጣ በጣም ተመስጣለች።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ራስ ክምር በመትከልሽ ምስጋና ይገባሻል። የከተማችን ግቢ ጃካራንዳውና ቡገንቪሊያው ከደቡብ አሜሪካ፣ ቦትል ብራሹ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ባሕር ዛፍም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ይኸው ነግሦ ይኖራል። ቀጋውን፣ አጋሙን፣ ኮሽሙን፣ አንፋሩን ግን ማን ያስታውሳቸዋል? አንፋር ሲያብብ ስንት ነፍሳት ይሰበስባል! ለአበባ ወለላ የሚመጡት ወፎች ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት ነፍሳትና ሸረሪት ነው፤ ስለዚህ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው አበባ ቢተክልም…

ችኩሉ፦ መምህር፣ ወፏ በረንዳ ላይ ተኝታለች እኮ።

የሰሚት ልጅ፦ መጋረጃውን ዝጊው፤ ያልቃል።

የአያት ነዋሪ፦ ካርቶን ውስጥ አስገብቻታለሁ። ቡላማ ናት፣ መንቁሯ ቀጭንና ጎባጣ ነው። ጥቁሩ አሁንም አላቆመም።

ወፍ ተመልካች፦ ጥቁሩ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ያንጸባርቃል? ከጅራቱ መሐል ሁለት ረጃጅም ላባ አለው? ከሆነ፣ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመው የደጋ ወፍ ነው፤ ቡላማዋም ሴቷ ሳትሆን አትቀርም። ሊገባ ግን አይደለም፤ የራሱን ምስል አይቶ ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ ነው የሚዋጋው። ሴቷ ደግሞ መስታወቱ ውስጥ ያየችው የአንቺኑ አትክልት ነው፤ ቀጥታ በረረችበት። ሁለቱም ጥፋት የመስታወቱ እንጂ የአበባው አይደለም። መስታወቱ ምን ዓይነት ነው?

የአያት ነዋሪ፦ ሰማያዊ አንጸባራቂ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ አያሳይም። አልነገርኳችሁም እንዴ?

ችኩሉ፦ አልነገርሽንም።

የቄራው፦ መጋረጃ ዝጊ።

ወፍ ተመልካች፦ እንዲህ ያለ መስታወት ላይ መጋረጃ ምንም አይለውጥም፤ እንዲያውም ውስጡ ሲጨልም ምስሉ ይጎላል። ሥራው ከውጭ በኩል ነው። ለዛሬ የልብስ ሳሙና በጥቂት ውኃ አሟሙተሽ መስታወቱን ቅቢው፤ ዝናቡ ስለወጣ ይቆይልሻል። ለዘለቄታው የአጎበር ጨርቅ ከመስታወቱ ትንሽ አርቀሽ ወጥሪበት፤ አለዚያ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ቀጫጭን ነጭ መስመር ከላይ እስከ ታች አስምሪበት።

የሰሚት ልጅ፦ የጭልፊት ሥዕል ለጥፊበትስ?

ወፍ ተመልካች፦ አንድ ሥዕል ብቻውን አይረዳም፤ ከጎኑ ያልፋሉ። ራስ ክምሩ ከመስኮቱ ምን ያህል ይርቃል?

የአያት ነዋሪ፦ አራት ሜትር ቢሆን ነው። እሬቱ በባልዲ ነው፣ ከዚያ ቀረብ ይላል።

ወፍ ተመልካች፦ አራት ሜትር መጥፎ ርቀት ነው፤ ፍጥነት ለመሰብሰብ ይበቃታል። ባልዲዎቹን ከመስታወቱ አንድ ሜትር ባልሞላ ርቀት አስጠጊያቸው። ያን ያህል ከቀረቡ፣ ከአበባው ተነሥታ ብትጋጭም እምብዛም አትጎዳም።

ማር ወዳድ፦ ለምን በቀይ ጠርሙስ የስኳር ውኃ አትሰቅይላቸውም?

ጓሮ ወዳዱ፦ አበባ ሞልቶ የሚኮመጥጥ ውኃ ምን ያደርግላቸዋል? በየቀኑ ጠርሙስ ማጠብስ ማን ይችላል?

የቄራው፦ እኔ ጋ ደግሞ ሌሎች ጅራተ ረጃጅም ወፎች ጎመኔን ቅጠል በቅጠል ጨርሰውታል። ወፍ የሚያባርር ተክል ካለ ንገሩኝ።

ባለ ድመቱ፦ ተክል የለኝም፤ ድመት ላውስህ።

ጓሮ ወዳዱ፦ ጎመኑ ላይ መረብ ጣልበት። የአያቷ እህት፣ ወፏ ተነሣች?

ኮተቤ፦ ራስ ክምር ችግኝ የት ይገኛል? የችግኝ ሻጮች አያውቁትም።

ጡረተኛው መምህር፦ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄደህ ጠይቅ። ካላገኘህ፣ ክቡ የአበባ ጉብጉብ ሲደርቅ ወረቀት ላይ አራግፈው፤ ዘሩ ይወርዳል። እሾህ አለውና ጓንት አድርግ።